አስመራ፣ በቀጥታ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራው ወዴት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው «ካይሮ» ይላችኋል። ልክ ነው። ቀኑ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱ ከተቋቋመ አራት ወር እንኳን አልሞላውም። ግን ያ አውሮፕላን ካይሮ ከመግባቱ በፊት አስመራ አርፏል። ከአገር ወጥቶ መጀመሪያ ጎማው የነካው የአስመራን ሜዳ ነው።

ያኔ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ፌዴሬሽን ገና ከስድስት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አስመራ መብረር ያኔም ድንበር ማቋረጥ ነበር። ድንበር መኖሩ ግን በረራውን አልከለከለውም።

እኔ የምሠራው ትኬት ቢሮ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ድሮ ካዛንቺስ፣ አሁን ወደ ቦሌ። ሰው ወደማይሄድበት አገር የለም፤ ዱባይ ለሥራ፣ ጓንዡ ለዕቃ፣ ባንኮክ ለሕክምና፣ ዋሽንግተን ለልጅ ምርቃት። ለሁሉም ትኬት ቆርጫለሁ። ልቤ የቀረው ግን አስመራ መስመር ላይ ነው። አሁንም ሰው ቢሮ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ትንሽ ዝም ይልና «አስመራ በቀጥታ የለም አይደል?» ይላል። መልሱን እያወቀው ነው የሚጠይቀው። እኔም መልሱን እያወቅኩ ኮምፒውተሩን አየዋለሁ።

ካርታ ላይ እዩት እስቲ። ሁለቱ ከተሞች አንዱ በሌላው ትክክል ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከቦሌ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ አስመራ ትደርሳላችሁ። 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። ሁለቱም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ደገኛ ከተሞች ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ጭነቱም በጥንቃቄ ይሰላል። የጠዋት ብርዱ ያው ነው። የአዲስ አበባ ሰው አስመራ ሲወርድ ጃኬቱን አያወልቅም።

አሁን ደግሞ በዱባይ ዙሩ። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዱባይ አስመራ ሌላ 2,000። በጠቅላላው 4,500 ኪሎ ሜትር። የግድግዳ ጎረቤታችሁን ቡና ለመጠጣት ከተማውን ዞራችሁ በጓሮ በር እንደመግባት ነው። በካይሮ ብትሄዱም ብዙ አይሻልም።

ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ግን መንገዱ እንዲህ ያለ ዙሪያ ብቻ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ግንቦት 1990 ተጀመረ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስመራ አየር ማረፊያ በጦር አውሮፕላን ተደበደበ። በዚያው ቀን መቀሌ ላይ የዓይደር ትምህርት ቤት ተመቶ ሕፃናት አለቁ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ስልክ ተቆረጠ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚህ ወደዚያ ተባረሩ፤ ከዚያም ወደዚህ የመጡት ብዙ ናቸው። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ተኩሱ ቆመ፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ ሆነው ልጆች ያደጉባቸው ቤቶች አሉ።

የእናቴ ታላቅ እህት አስመራ ናት። ከጦርነቱ በፊት አግብታ ሄዳ እዚያው ቀረች። በእነዚያ ዓመታት የእሷ ወሬ እኛ ቤት የሚደርሰው በስቶክሆልም በኩል ነበር። እዚያ ያለው ልጇ ለእሷ ይደውላል፣ ቀጥሎ ለኛ ይደውላል። «እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል» ይላል። የኛን ሰላምታ ተቀብሎ ተመልሶ ይደውላል። እኛ ቤት ብቻ አልነበረም እንዲህ የሆነው። ጅዳ፣ ሮም፣ ቶሮንቶ ያለ ዘመድ ሁሉ የሁለት ከተማ ስልከኛ ሆኖ ከርሟል። በቀይ መስቀል በኩል አጫጭር ደብዳቤ የሚጻጻፉም ነበሩ።

ቢሮ ውስጥ የአስመራ ኮድ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረ። ኤ-ኤስ-ኤም ብለን ከካይሮ ብንጠይቀው ይመልሳል። ከዱባይ ብንጠይቀው ይመልሳል። ከአዲስ አበባ ስንጠይቀው የሚያወጣልን በሦስተኛ አገር የሚዞር ብቻ ነው። እሱንም የሚሄደው ባብዛኛው የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው ነበር። የኛን ፓስፖርት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠይቆ ብቻ ይመለሳል።

ከጠያቂዎቹ አንድ ሽማግሌ ከዓይኔ አይጠፉም። ከረቫት አድርገው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የመጡት። ወንድማቸው አስመራ ላይ አርፈዋል። መርዶው የመጣው እንደተለመደው ከውጭ አገር ተደውሎ ነው። «ቀብሩ ነገ ነው» አሉኝ። እንደማይደርሱ ያውቁታል። «ለሰልስቱስ?» አሉ። የጅዳውንም፣ የዱባዩንም፣ የካይሮውንም አየሁላቸው። ትራንዚቱን፣ ቪዛውን፣ በረራው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ፣ ሁሉንም ደመርኩት። ለሰልስቱም አይደርሱም። እሳቸው ግን ሂሳቡን እስከመጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ «እሺ ጓለይ (ልጄ)፣ አመሰግናለሁ» ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ለኛ ሰው ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰርግ ቢቀር ይቅርታ አለው። ለቅሶ ቢቀር ዘመድ ያዝናል፤ ከዘመድ በላይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ዕድሜ ልኩን ይቆረቁረዋል። እኔ የበረራን ዋጋ በዚህ ነው የምለካው። አንድ መስመር ተከፈተ ሲባል ጋዜጣው ስለ ንግድ፣ ስለ ቱሪዝም ይጽፋል፤ ይጻፍ፣ እውነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማታ መርዶ የተረዳ ሰው ጠዋት ተነስቶ ለቀብር ይደርሳል ወይ?

ከዚያ ሐምሌ 2010 መጣ።

ሐምሌ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሄዱ። በማግሥቱ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫው ተፈረመ። ስልኩ ተከፈተ። ሰው በ291፣ በኤርትራ የስልክ ኮድ፣ የሚጀምር ቁጥር እንዲሁ በደመ ነፍስ እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ማውራት ጀመረ። እኛ ቢሮ ያለች ልጅ አስመራ ያሉ አንዲት የማታውቃቸውን እናት አግኝታ ስለ አየሩ፣ ስለ ሽሮ ዋጋ ስታወራ ምሳ ሰዓታችን አለቀ። ሐምሌ 7 ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ ገቡ። ሐምሌ 11 አውሮፕላኑ ተነሳ።

የዚያን ሳምንት ሥራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስልኩ አያርፍም። ወረፋው ከደረጃው በታች ደረሰ። በሥራዬ ዘመን ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ ትኬት ሲገዛ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ፓስፖርት የሌላቸው ሽማግሌዎች መታወቂያ ይዘው ይመጣሉ፣ ወደ ኢሚግሬሽን እንልካቸዋለን፣ «እስክመለስ ቦታ ያዙልኝ» ይላሉ። አንዲት እናት ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው መጡ። ትኬቱን አትሜ ስሰጣቸው ማንበብ አይችሉምና «እስቲ ምን ይላል?» አሉኝ። ከላይ በ071 የሚጀምረው የትኬት ቁጥር አለ፤ እሱን ዘለልኩት። «ከአዲስ አበባ፣ አስመራ» ብዬ አነበብኩላቸው። «ከዚያስ?» አሉኝ። «ከዚያማ ደረሱ እማማ፣ በቃ።» እንደገና አስነበቡኝ።

የመጀመሪያው ቀን ፈላጊው በዝቶ አንድ አውሮፕላን አልበቃም። በደቂቃዎች ልዩነት ሁለት ተከታትለው ተነሱ። ተሳፋሪዎቹ መሃል የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። ውስጡ ጽጌረዳ ታደለ፣ ሻምፓኝ ተከፈተ፣ ሰው በመተላለፊያው ላይ ቆሞ ዘፈነ። ሲወርዱ መሬት የሳሙ ነበሩ። ይህን ሁሉ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል።

በቴሌቪዥን ያልታየው የሻንጣው ውስጥ ነው። በዚያ ክረምት ከሄዱት ብዙዎቹ ጥቁር ልብስ ይዘው ነበር። ለምን ቢባል፣ በሃያ ዓመት ውስጥ የሞተ ሰው አለ። እናት ሞታለች፣ አባት ሞቷል፣ አብሮ አደግ ሞቷል። ለቅሶው አልተደረሰም። እናቴ በነሐሴ ስትሄድ እንዲሁ ነው ያደረገችው። ሻንጣዋን ስናዘጋጅ ከላይ ለእህቷ የገዛችው የአበሻ ቀሚስ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ቡና አለ። ከታች የራሷ ጥቁር ቀሚስና ነጠላዋ ተጣጥፏል። አክስቴ አየር ማረፊያ መጥታ ተቀበለቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ሆነ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ከአክስቴ ጋር ጥቁር ለብሰው የአክስቴ ባል መቃብር ሄዱ። ሰውየው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ቤት ሲመለሱ ጎረቤት እንደ አዲስ ተሰብስቦ ድንኳን የሌለው ለቅሶ ተቀመጡ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ዕፎይታ ነበር። «ዕዳዬን ከፈልኩ» አለች።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ከሁሉ የምወደው ያን የመጀመሪያውን ሰሞን አይደለም። የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ጊዜ ነው፤ አስመራ መሄድ ተራ ነገር የሆነበትን። በረራው በየቀኑ ሆነ፣ ፈላጊው ሲበዛ ተጨመረ። የኤርትራ አየር መንገድም በዚያው ሐምሌ መጨረሻ አዲስ አበባ መብረር ጀመረ። ያኔ ሰው መጥቶ አያለቅስም። ዋጋ ይከራከራል! «የዓርቡ ረከስ አይልም? ማክሰኞ ብመለስስ?» ይላል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ሰው ዋጋ የሚከራከረው በሩ ነገም ክፍት እንደሚሆን ሲያምን ነው።

በዚያን ጊዜ የቢሮአችን ሚዛን ላይ ያልተመዘነ ነገር የለም። ነጭ ጤፍ በማዳበሪያ። ያልተቆላ ቡና። በርበሬ በሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ያም ሆኖ የሚያስነጥስ። የሕፃን ልብስ። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ክራር ይዞ መጣ፣ በእጅ ይዤ ልግባ ወይስ ይጫን ብሎ ግማሽ ሰዓት አማከረን። ሲመለሱ ደግሞ በክረምት በለስ ይዘውልን ይመጣሉ፤ እሾሁ በደንብ ያልጸዳ፣ በላስቲክ የታሰረ። ቅዳሜ ሰርግ በልቶ ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው አይቻለሁ። የአስመራን ካቴድራልና የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ብቻ ሊያዩ የሄዱ ወጣቶችም ነበሩ፤ ከተማዋ በ2009 ሐምሌ ውስጥ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

የውጭ አገሩ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ያለ ኤርትራዊ ከደለስ አየር ማረፊያ ሻንጣውን አስረክቦ፣ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ፣ ሻንጣውን አስመራ ይረከብ ነበር። አንድ ትኬት ነበር። ብዙ ሰው የማያስበው ይህንን ነው። ከአዲስ አበባ አስመራ ብቻውን ሲታይ አጭር መስመር ነው፤ አጭር መስመር ደግሞ ለአየር መንገድ አይመችም። ነዳጁ የሚበላው ሲነሳና ከፍታ ሲይዝ ነው፣ የማረፊያ ክፍያው ለአጭርም ለረጅምም አይቀርም፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚያባክነው ሰዓትም አለ። መስመሩን ሥራ የሚያደርገው ከኋላው የሚመጣው ሰው ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዐረብ አገር ቦሌ ደርሶ የሚቀጥለው። በረራው ለአየር መንገዱም ለመንገደኛውም ጠቀመ የምለው ለዚህ ነው። ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም።

የየብሱ መንገድም ተከፍቶ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011፣ በዘመን መለወጫው፣ በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ድንበሩ ተከፈተ። ሰው በእግሩ ተሻገረ። ግን ዓመት ሳይሞላው ተራ በተራ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አውሮፕላኑ ላይ ወደቀ። ኮሮና መጣ፣ የዓለም ሰማይ ጭር አለ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ የዚያን ጊዜ መከራ በአንድ ጽሑፍ ጥግ የሚነገር ስላልሆነ አልነካካውም። ያን ሁሉ አልፎ ግን በ2016 ዓ.ም. እኔ አሁንም የአስመራ ትኬት እቆርጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ከመስከረም 20 ቀን 2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስመራ እንዳይበር አስታወቀ። የሻንጣ መጥፋት፣ የዋጋ መናር፣ የበረራ መዘግየት የሚሉ ቅሬታዎች ዘረዘረ። አየር መንገዱ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ፣ ነሐሴ 28፣ በረራውን አቆመ። ከአቅሙ በላይ የሆነ አስቸጋሪ ሁኔታ እንደገጠመው ገለጸ፤ እዚያ ባንክ ያለውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ እንዳልቻለም ኃላፊዎቹ ተናገሩ።

የሁለቱንም ቃል አንብቤያለሁ። ሻንጣው የጠፋበት ሰው ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ ገንዘቡ የታገደበት ድርጅትም መብረር ሊቀጥል አይችልም። የኔ ሐዘን ሌላ ነው። የሻንጣ ቅሬታ የሻንጣ መፍትሔ አለው። የባንክ ጉዳይ የባንክ መፍትሔ አለው። ሁለቱም የበረራው መዘጋት ላይ ማለቅ አልነበረባቸውም።

ይህ እኛ ጋ ብቻ የሆነ አይደለም፣ በሥራችን የተለመደ በሽታ ነው። አየር መንገድ በአንድ አገር ገንዘብ ትኬት ይሸጣል፣ ነዳጅና ኪራይ ግን በዶላር ይከፍላል። ገንዘቡን ማውጣት ካልቻለ ይታነቃል። ናይጄሪያን እዩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እዚያ ታግዶ የነበረው የአየር መንገዶች ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። የዱባዩ አየር መንገድ ኤምሬትስ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 2015 ላይ፣ ናይጄሪያ መብረር አቁሟል። ሌጎስ ያለ ነጋዴ ዱባይ ለመሄድ ሌላ መንገድ ፈለገ። ግን ጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ማዕከላዊ ባንኩ ገባበት፣ መንግሥታቱ ተነጋገሩ፣ ገንዘቡ እየተለቀቀ ሄደ። ኤምሬትስ መስከረም 21 ቀን 2017 ሌጎስ ተመለሰ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የኛ አውሮፕላን አስመራ እንዳይገባ የተወሰነው ለመስከረም 20 ነበር። በማግሥቱ ሌላ አየር መንገድ ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ተመለሰ። ይቻላል ማለት ነው። ያንን የመሰለ ገንዘብ በንግግር ከተፈታ፣ የኛ ለምን አይፈታም?

አንዳንዱ ሰው «አሁን ስለ በረራ የሚወራበት ጊዜ ነው ወይ?» ይለኛል። በሁለቱ አገሮች መሃል የሚሰማው ወሬ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ለኔ ግን መወራት ያለበት ጊዜ ይሄው ነው። በ1990 ስልክም በረራም የየብስ መንገድም አብሮ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሰው ሲለያይ ወሬ ብቻ ይቀራል፣ ወሬ ደግሞ ክፉውን ያገንናል። አክስቴን በዓይኗ ያየች እናቴ ስለ አስመራ ሰው ክፉ ቢነገራት አትሰማም። ሄዳ አብራ አልቅሳለች፣ አብራ በልታለች። የማያውቃት የጎረቤት ልጅ ከአየር ማረፊያው ሻንጣዋን ተሸክሞላታል። እንዲህ ያለ ሰው በሁለቱም በኩል ሲበዛ ደስ ይለኛል። እሱን የሚያበዛው ደግሞ በየቀኑ የሚነሳ ተራ አውሮፕላን ነው።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የምለምነው አለኝ። አገሮች ይጣሉ ይሆናል፣ ባለሥልጣናት ይኮራረፉ ይሆናል። በረራውን ግን ከጠቡ አውጡት። ሌላው ቢቀር በሳምንት አንድ ቀን ይሁን። ትንሽ አውሮፕላን ይሁን። የኢትዮጵያም ይብረር፣ የኤርትራም ይብረር፣ የሦስተኛ አገር አየር መንገድ ገብቶ ከአዲስ አበባ ያድርስ፣ ግድ የለኝም። ማን እንደሚያበርረው አይደለም ነገሩ፣ ቀጥታ መሆኑ ነው።

እስከዚያው መሄድ ግድ ለሚሆንባችሁ፣ ከወንበሬ ላይ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ። ሁለት የተለያየ ትኬት ገጣጥማችሁ አትግዙ፤ ርካሽ ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ኃላፊነት የሚወስድላችሁም የለም። ሻንጣችሁንም መሃል ላይ አውጥታችሁ እንደገና ማስረከብ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ የመሸጋገሪያው አገር ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። በአንድ ትኬት አስቆርጡ። የኪሎውን ነገር እስከ መጨረሻው አስመራ ድረስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው በረራ ላይ የተፈቀደው ሁለተኛው ላይ ላይፈቀድ ይችላል። የትራንዚቱን ሰዓት ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት አድርጉት። ሽማግሌ የምትልኩ ከሆነ የዊልቸር አገልግሎት ትኬቱ ሲቆረጥ አብሮ ይመዝገብ፤ መራመድ ቢችሉም አስመዝግቡ፣ ትልልቆቹ አየር ማረፊያዎች ውስጥ መንገዱ ረጅም ነው፣ አብሯቸው የሚሄድ ሠራተኛም ይመደብላቸዋል። የሚደርሱበትን ሰው ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉላቸው። የቢጫ ወባ ካርዱንም አትርሱ።

ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት የምትሄዱ ደግሞ ቀኑ የታወቀ ነውና ወሩ እስኪቃረብ አትጠብቁ። በዙሪያው የሚሄዱት በረራዎች ቀናቸው ውስን ነው፣ ቶሎ ይሞላሉ። አሁኑኑ አስይዙ።